የፕሬዚዳንት ሁቨርን የካምፕ ቤት ማየት ለምትፈልጉ

እህቴ፣ ቨርጂኒያ ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ቢግ ሜዶውስ ድንኳን ተክለሽ ከልጆችና ከእናትሽ ጋር የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት የሁቨርን ቤት ማየት ይቻል እንደሆነ ጠይቀሻል። ይቻላል። እኛም ከእናቴ ጋር ነበርን።

1. ወደ ቤቱ የሚወስደውን የአውቶቡስ ጉብኝት ከቤትሽ ሳትወጪ በሪክሪዬሽን ዶት ጎቭ (recreation.gov) ድረ ገጽ ራስሽ ያዢ። ተራራው ላይ ስልክ እንደልብ አይሠራም። ለሌላ ሰውም አደራ አትስጪ። ጉዞ የሚያዘጋጅ አንድ የኛው ሰው «ለሁላችሁም ቦታ ይዣለሁ» ብሎ ከሁላችንም ብር ሰበሰበ። ጠዋት የጎብኚዎች ማዕከሉ ጋ ስንደርስ ስማችን የለም። አውቶቡሱ ትንሽ ነው፣ ሞልቷል። ሰውየው ስልክ አያነሳም። ብሩ ይቅር፤ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ተዘጋጅታ ቆማ ነበር። እሱ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ።

2. በእግርም ይኬዳል። ከሚላም ጋፕ ተነስቶ በሚል ፕሮንግ መንገድ ደርሶ መልስ 4 ማይል ያህል ነው። ሲሄዱ ቁልቁለት፣ ሲመለሱ ዳገት። ጅረቱን ድንጋይ እየረገጡ ነው የሚሻገሩት፤ ጉልበቷን ለሚያማት እናት አይሆንም። የኔዋን ከገዛ እህቴ ጋር ትተን እኔና ልጆቹ ወረድን። በሩ ተቆልፎ ስለነበር ከውጭ ብቻ አየን።

እንዲያም ሆኖ ደስ ይላል! ሁቨር በ1929 ሥልጣን ሲይዝ የዋሽንግተንን ሙቀት የሚሸሽበት ቦታ አስፈለገ። ከከተማው ከ100 ማይል እንዳይርቅ፣ ዓሣ የሚጠመድበት ወንዝ እንዲኖረው፣ ለወባ ትንኝ እንዳይመች ከ2,500 ጫማ በላይ እንዲሆን አለ። ማሪን የሚባሉት የአሜሪካ ወታደሮች ሠሩት፣ የዕቃውን ዋጋ እሱ ከኪሱ ቻለ። ከ13ቱ ቤቶች ዛሬ የቆሙት 3 ናቸው። የራሱ ቤት ብራውን ሃውስ (ቡናማው ቤት) ይባላል፤ ጣውላ ነው፣ ወርቅ የለ፣ ዕብነ በረድ የለ። ሁለት ጅረቶች እዚያው አጠገቡ ይገናኙና ራፒዳን የሚባለውን ወንዝ ይሠራሉ። ድምፃቸው ከበረንዳው ይሰማል። ልጄ «ዋይት ሃውስ እያለው እዚህ ምን ያደርጋል?» አለችኝ። ውሃውን አሳየኋት።

በዓመቱ እኔው ራሴ ቦታ ይዤ እናቴን በአውቶቡስ ወሰድኳት። ውስጡ እንደ 1929ኙ ነው የተሰናዳው። ትልቁ የድንጋይ ምድጃ ፊት ቆማ የፓርኩን ጠባቂ ገለጻ አንድ በአንድ አስተረጎመችኝ። ያን ቀን ኮራሁ።

ጉብኝቱ በብርዱ ወራት የለም፣ ቀኑን ቀድመሽ እዪ። ማታ ምግባችሁን ሁሉ፣ ወጡንም ድስቱንም፣ መኪና ውስጥ ቆልፉ፤ ድብ አለ። ቦታ ስትይዢ የሚያስቸግርሽ ነገር ካለ እዚሁ ጻፊልኝ፣ አብረን እንይዛለን።