ጉብታ ላይ የሚጠፋው ቪትዝ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። የሜትር ታክሲ የሚሠራ አንባቢ ቪትዙ እየሄደ ድንገት ይጠፋበታል። በተለይ ከሰዓት በኋላ፣ ጉብታ ወይም ኮብልስቶን ሲያልፍ። አሥር ደቂቃ ቆም ብሎ ሲያስነሳው ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል። የነዳጅ ፓምፕ ተቀየረ፣ ፊልትሮ ተቀየረ፣ ካንዴላ ተቀየረ። አሁን ደግሞ መካኒኩ «የገዛኸው ፓምፕ ደካማ ነው፣ ሌላ ግዛ» ብሎታል። መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ አንድ ነገር ጣል አድርጓል፦ «ከጥቂት ወራት በፊት ጂፒኤስ አስገጥሜያለሁ፣ በስልኬ ሞተር ማጥፋት እችላለሁ።»

ወንድሜ፣ ችግርህ ያለው እዚያች መጨረሻ መስመር ላይ ነው። ፓምፑን ተወው። ጂፒኤሱን የገጠመልህ ሰው የፓምፑን ሽቦ ቆርጦ መሀሉ ላይ ርካሽ ሪሌ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያና ማጥፊያ፣ አስገብቷል። ወደ ሪሌው ሂድ።

ከመንካትህ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍታ። ቢጫ ሽፋን ወይም ቢጫ ሶኬት ያለው ሽቦ ካየህ እጅህን ሰብስብ፣ የኤርባግ ነው። ሪሌው ብዙ ጊዜ ከዳሽቦርዱ ሥር በሾፌሩ በኩል፣ አለዚያም ከኋላ ወንበር ሥር ይደበቃል። በናስትሮ የተጠቀለለ ጥቁር ሳጥን ነው። እኔ ጋ የሚመጡት አብዛኞቹ ሽቦው በጥርስ የተላጠ፣ በእጅ የተጠመዘዘ፣ በላዩ ናስትሮ የተለጠፈበት ናቸው። ናስትሮው በሙቀት ሙጫው ይቀልጥና ይላቀቃል። ይህን «ገጠማ» ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ይገርመኛል።

ካገኘኸው በኋላ ባትሪውን መልስ፣ ሞተሩን አስነሳና ሪሌውን በካቻቢቴ እጀታ ቀስ እያልክ ቆርቁረው። ሞተሩ ከተንገጫገጨ ወይም ከጠፋ ተገኘ። ካልሆነ ቴስተሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርግ። ሞተሩ እየሠራ አንዱን ጫፍ ሪሌው ላይ 30 የሚል ቁጥር ያለበት እግር ላይ፣ ሌላውን 87ኤ (87a) የሚለው ላይ ንካ። ከ0.2 ቮልት በታች ከሆነ ደህና ነው። ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ካነበብክ ያ ሪሌ ለቆሻሻ ነው። ሶኬቱንም እየው፤ እግሩ አካባቢ ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ ይሆናል።

አሁን ጉብታው ለምን እንደሚያጠፋው ላስረዳህ፤ ይህን ነገር ማስረዳት እወዳለሁ። ሪሌ ውስጥ አንድ ተንቀሳቃሽ ምላስ አለ። የሽቦ ጥቅልሉ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማግኔት ይሆንና ምላሷን ስቦ 87 የሚለው እግር ላይ ይለጥፋታል። ማግኔቱ ጉልበተኛ ስለሆነ ያ ግንኙነት ጥብቅ ነው። ጂፒኤስ ገጣሚዎች ግን የሚጠቀሙት 87ኤን ነው፤ ጥቅልሉ ሥራ ፈትቶ ሳለ ምላሷ የምታርፍበትን። ሐሳቡ ትክክል ነው። የጂፒኤስ መሣሪያው ቢሞት እንኳ ፓምፑ ይሠራል። ችግሩ እዚያ ላይ ምላሷን የሚይዛት ማግኔት አይደለም፣ ትንሽ ስፕሪንግ ብቻ ናት። ሪሌው ጀርባ ላይ 40/30 አምፔር የሚል ጽሑፍ አይተህ ከሆነ፣ ትንሹ ቁጥር የ87ኤ ነው። ርካሹ ሪሌ ውስጥ ስፕሪንጓ ስስ ናት። ጉብታ ስታልፍ ምላሷ ለቅጽበት ትነሳለች፣ ብልጭታ ይፈጠራል፣ ብልጭታው ንክኪውን ያጠቁረዋል። የጠቆረ ንክኪ ኤሌክትሪክ ይከለክላል። ፓምፑ 5 አምፔር ይስባል እንበል። ንክኪው ላይ 0.3 ኦም ብቻ ቢጨመር 1.5 ቮልት እዚያው ይቀራል፣ 7.5 ዋትም ሙቀት ሆኖ ይወጣል። የፓርኪንግ አምፖል 5 ዋት ነው። ከዚያ የሚበልጥ ሙቀት በአንዲት ነጥብ ላይ፣ ናስትሮ በተጠቀለለ ሳጥን ውስጥ! ስፕሪንጓ ስትግል ደግሞ ይብስ ትላላለች። ከሰዓት በኋላ የሚብስብህ ለዚህ ነው። አሥር ደቂቃ ስትቆም ይቀዘቅዝና ይነሳል።

ሪሌውን አውጣና 30ንና 87ኤን በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ አገናኝ። የፓምፑ ፊውዝ ከቦታው እንዳይነሳ። ጥቂት ቀን ሥራበት። ካልጠፋ የተቆረጠውን የፓምፕ ሽቦ በደንብ በይደውና በሙቀት የሚኮማተር ላስቲክ አልብሰው። በናስትሮ አይደለም።

እና እባክህ፣ ሞተር የሚያጠፋ ሪሌ ሁለተኛ ፓምፑ ሽቦ ላይ እንዳይገባ። ዓባይ በረሃን ስትወርድ ሞተር ቢጠፋ መሪው ይከብዳል፣ የፍሬኑ ረዳት ደግሞ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ያልቃል። እስክትጠግነው ድረስ ከጠፋብህ ፍሬኑን አንዴ አጥብቀህ ያዝ፣ ደጋግመህ አትርገጥ፣ ቁልፉን አትንቀል። ማጥፊያ የግድ ከፈለግክ ከቁልፉ ወደ ስታርተር ሪሌ በሚሄደው ቀጭን ሽቦ ላይ አስገባው። ሌባው አንዴ ካቆመ አይነሳለትም፣ አንተ ግን መንገድ ላይ አትቀርም። እ.ኤ.አ. በ1979 ዊልያም ሬገን የተባለ የማሳቹሴትስ ሰው የፈጠራ መብት ያገኘበትና በኋላ ሎጃክ ተብሎ የታወቀው መከታተያ እንኳ ጥቅሙ የተሰረቀው መኪና የሬዲዮ ምልክት እንዲሰጥና ፖሊስ ያንን ተከትሎ እንዲያገኘው ነበር። የት እንዳለ ማወቅ ይበቃል። ፓምፕ ላይ አይደለም፣ ስታርተር ላይ።

አንድ ነገር አጣራ። ሲጠፋ ከሪሌው «ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰማህ ስፕሪንጓ አይደለችም፣ ከመሣሪያው ትእዛዝ እየመጣ ነው። ብዙዎቹ ርካሽ መሣሪያዎች የይለፍ ቃላቸው 123456 እንደሆነ ይገጠማሉ። መሣሪያው ውስጥ ያለውን የሲም ቁጥር የሚያውቅ ሁሉ በአጭር መልእክት መኪናህን ሊያጠፋው ይችላል። ዛሬውኑ ቀይረው።

አዲስ ሪሌ ሶማሌ ተራ ስትገዛ ከነሶኬቱ ግዛ፣ ቀላል ሆኖ እጅህ ላይ ክብደት የማይሰማህን መልስ። ሽቦውን አገናኝተህም ከጠፋብህ ቀጣዩ ተጠርጣሪ የሞተሩን መዞር ለመኪናው ኮምፒውተር የሚነግረው የክራንክ ሴንሰር ነው። እሱ ሲሞቅ ያጠፋል፣ ለጉብታ ግን ደንታ የለውም። ሁለተኛ ፓምፕ ግን እንዳትገዛ።