የጉልበቱ ሌቨር ሲወላልቅ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት የክራርና የኪቦርድ ናቸው፤ እነሱን ለሌላ ጊዜ አቆይቻቸዋለሁ። ጥቂቶቹ ግን ስለ አንድ እንግዳ ዕቃ ስለሆኑ አንድ ላይ ላንሳቸው። ፔዳል ስቲል ጊታር። ላላየው ሰው፦ እንደ ጠረጴዛ በእግር የሚቆም፣ ብዙውን ጊዜ 10 ክር ያለው ጊታር ነው። ቀኝ እጅ ይመታል፣ ግራ እጅ የብረት ዘንግ ክሮቹ ላይ ያንሸራትታል። እግር ፔዳል ይረግጣል፣ ጉልበት ደግሞ ከሥር የተንጠለጠለውን ሌቨር ይገፋል። ሌቨሩ ሲገፋ የክሩ ድምፅ ይወጣል ወይም ይወርዳል። በነገራችን ላይ ሁሉንም "አንተ" ስላልኩ አትቀየሙ፤ ድሬ ነን፣ አንቱታ አይሆንልንም።

"አቦ፣ ወንድሜ ከአሜሪካ ርካሽ ፔዳል ስቲል ላከልኝ። ሦስት ፔዳል፣ አራት ሌቨር። የግራው ሌቨር ሲገፋ ይወዛወዛል፣ ከእንጨቱም ሊነቀል ነው። በብረት ላጠናክረው?" (ከሳቢያን)

ሌቨሩን ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ መቀመጫውን፣ ማለትም ሌቨሩን ከጊታሩ እንጨት ጋር የሚያያይዘውን ቁራጭ፣ አጠንክር። ይህን የምልህ ተቃጥዬበት ነው። የራሴም ሌቨር ቀጭን አሉሚኒየም ነበርና በጀርባው ላሜራ ደርቤ በብሎን አሰርኩት። ጎበዝ ነኝ ብዬ ሰርግ ይዤው ሄድኩ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ጉልበቴን ገፋ ሳደርግ "ቋ!" አለና ሌቨሩ ከነመቀመጫው መሬት ወደቀ። ሌቨሩ ምንም አልሆነም። የተነቀሉት እንጨቱን የያዙት ሁለት ብሎኖች ናቸው። ድሮ ሌቨሩ እየተለመጠ ግፊቱን ያበርድላቸው ነበር። እሱን ሳጠነክረው ጣጣው ሁሉ ለብሎኖቹ ተረፈ።

ስለዚህ ጊታሩን ገልብጠህ ብርድ ልብስ ላይ አስተኛው። በአንድ እጅህ ሌቨሩን ግፋ፤ የሌላውን እጅ ጣት መቀመጫውና እንጨቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ አሳርፍ። እዚያ ትንሽ እንኳ ንቅንቅ ካለ የብሎኑ ቀዳዳ ሰፍቷል። የክብሪት እንጨት በኮላ ነክሮ ቀዳዳው ውስጥ መጠቅጠቅ ለአንድ ምሽት ያወጣል፣ ከዚያ በላይ አትመነው። ደህናው መንገድ ቀዳዳውን በ8 ሚሊሜትር መብሻ አስፍቶ፣ ከወይራ የተሠራ ድብልብል ችንካር በኮላ መምታት ነው። መብሻው ላይ ጥልቀቱን በፕላስተር ምልክት አድርግ። ካለዚያ በላይ በኩል ብቅ ይልና የጊታሩን ፊት ታበላሻለህ። 24 ሰዓት አድርቀው። ከዚያ ከብሎኑ ቀጠን ባለ መብሻ ብሳ፣ ብሎኑን ሳሙና አስነካውና አጥብቀው። ወይራ ቀልድ አያውቅም፤ በደረቁ ካስገባኸው የብሎኑ አንገት ይቆረጣል።

መቀመጫው ደህና ከሆነ ጥፋቱ ፔርኖው፣ ሌቨሩ የሚዞርበት ዘንግ፣ ጋ ነው። ርካሽ ጊታር ላይ የብረቱ ፔርኖ ያለ ቡኮላ (ቀዳዳው ውስጥ የሚገባ ቀለበት)፣ ባዶ የአሉሚኒየም ቀዳዳ ውስጥ ሲዞር ታገኘዋለህ። ሲውል ሲያድር ቀዳዳው እንቁላል ይመስላል። ክፍተቱ በጎን በኩል ብቻ ከሆነ ስስ የፕላስቲክ ሮንዴላ ይበቃዋል፤ ካጣህ ከዘይት ጀሪካን ቆርጠህ ሥራ። እኔ የማደርገው እንደዚያ ነው። ቀዳዳው ራሱ ከሰፋ ግን ቶርኖ ቤት ወስደህ የነሐስ ቡኮላ አስገባለት። ከተማችን እ.ኤ.አ. በ1902 ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረች ናት፤ ብረት የሚያውቅ ሰው አይጠፋባትም። "የጊታር ዕቃ" ብለህ እንዳትጀምር ብቻ፣ ይስቁብሃል። ፔርኖውን አሳይና "ይህችን የምትይዝ" በል።

"ሌቨሬ ታጥፏል። ላቃናው ወይስ ላስበይደው?" (ከሐረር፣ ሸዋ በር)

አንዴ ቀስ ብለህ አቃናው። አሉሚኒየም ደጋግመህ ስታጥፍና ስታቃናው ይደክማል። ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካየህበት አበቃለት። ብየዳውን እርሳው፤ እንዲህ ያለ ስስ ነገር በያጁ ዞር ሳይል ይቀልጣል። የአሉሚኒየም መስኮት ከሚሠሩ ልጆች ቁራጭ አንጎላሬ ለምንና ጉልበትህ በማይነካው በኩል በሁለት ሪቢት ምታው። ከፔርኖው ጀምሮ እስከ ወገቡ ከደረሰ በቂ ነው፤ ግፊቱ የሚበረታው እዚያ ነው። እስከ ጫፉ ብታስኬደው ክብደት ነው የምትጨምርበት።

ደግሞ ለምን እንደታጠፈ ራስህን ጠይቅ። ሌቨሩ ማቆሚያው ጋ ከደረሰ በኋላም ትገፋለህ አይደል? ክሩ ከዚያ በላይ አይንቀሳቀስም። የምትጨምረው ጉልበት ሁሉ ብረቱን ማጠፍ ነው።

"ሌቨሩን ስለቀው ክሩ ወደ ቦታው አይመለስም።" (ከከዚራ)

ሌቨሩን ከክሩ ጋር የሚያገናኘው ሳቢ ዘንግ ጫፍ ላይ ያለችውን የናይለን ዳዶ እያት። ሌቨሩ ሲለቀቅ ሳቢው ዘንግ ትንሽ ልል ማለት አለበት። ዳዶዋ ከልክ በላይ ከጠበቀች ክሩ ሁልጊዜ በከፊል እንደተሳበ ነው። መጀመሪያ ምንም ሳትገፋ ክሩን ራስጌ ባለው መቃኛ ቃኝ። ከዚያ ሌቨሩን ገፍተህ የሚለወጠውን ድምፅ በዳዶዋ ቃኝ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጥከው ስትሽከረከር ትውላለህ። ሌቨሩ ድምፅ የሚያወርድ ከሆነ ደግሞ መላሽ ሞላውን ፈትሽ፤ ሲደክም ክሩን ዝቅ እንዳለ ይተወዋል።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ ግሪስ ነው። ግሪስና የድሬ አቧራ ሲጋቡ ሞረድ ይወልዳሉ። በአልኮል በነከርከው ጥጥ ጥረገውና አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ስጠው። አንድ ብያለሁ።

"ሌቨሩ ይገፋል፣ ክሩ ግን ዝም።" (ስም የለውም)

አግዳሚው ዘንግ ላይ የታጠፈ የእጅ ክርን የመሰለች ቁራጭ አለች፤ ሳቢውን ዘንግ የምትጎትተው እሷ ናት። ማጥበቂያዋ ብሎን ክብ ብረት ላይ ተንሸራትቷል። ብሎኑ የሚያርፍበትን ቦታ በሞረድ ትንሽ ጠፍጠፍ አድርገውና መልሰህ እሰር።

"ይህ ሁሉ ድካም ለእኛ ዜማ ይሆናል?" (አሁንም ከሐረር)

ይሆናል እንጂ! በተለመደው ኢ ናይን ቅኝት ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ ሻርፕና ቢ ክሮቹ ላይ ተዘጋጅተው ይጠብቁሃል። የመጀመሪያውን ፔዳል ስትረግጥ ቢ ወደ ሲ ሻርፕ ይወጣል። ቁጠራቸው፦ አምስት። የሜጀር ትዝታ አምስቱ ድምፆች ናቸው። የብረቱ መንሸራተት ደግሞ ማሲንቆን ያስታውስሃል። ሌቨር የሚባል ነገር አላነሳሁም፤ የሳቢያኑ ወንድማችን፣ ኮላው ከደረቀ በኋላ ሌቨሩን ሳታስር ትዝታ መጫወት ትችላለህ።