ትንሿ ዘንግ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጀማሪ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት «እትዬ፣ ልጁ ሲሳሳት እስከ ስንት ደቂቃ ዝም ልበለው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳቅሁባት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ቀዮቹን የሞንቴሶሪ ዘንጎች ታውቋቸዋላችሁ፤ ሕፃናት ርዝመት የሚለዩባቸው የእንጨት መማሪያ ናቸው። አስር ናቸው። ትንሿ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ትልቁ 1 ሜትር። በቀለምም በውፍረትም አንድ ናቸው። ልጁ ምንጣፍ ላይ እንደ ደረጃ ይደረድራቸዋል።

ያኔ ገና ከስልጠና መውጣቴ ነው፤ ሥርዓት ስወድ ለጉድ ነበር። ከተማሪዎቼ የአንዷ እናት ጉሊት ላይ ድንችና ሽንኩርት ትሸጣለች። ልጅቷ ያን ቀን ዘንጎቹን አንድም ሳታዛንፍ ደረደረች። ከዚያ ትንሿን አነሳችና ሁለተኛው ጫፍ ላይ ቀጠለቻት። ጫፏን በጣቷ ዳበሰች። ወደ ሦስተኛው አዛወረቻት። ወደ አራተኛው። ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታለች። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ደረስኩባት። «የኔ ቆንጆ፣ የሷ ቦታ እዚያ ነው» አልኩና ከእጇ ወስጄ መለስኳት። ያውም በፈገግታ።

ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ዕቃ ሳነሳ ትንሿን ዘንግ እንዲሁ ዘጠነኛው ጫፍ ላይ አስጠጋኋት። ከአስረኛው ጋር እኩል መጣች። ስምንተኛው ላይ ሞከርኩ፤ ከዘጠነኛው ጋር እኩል። እዚያው የልጆች ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ልጅቷ እየለካች ነበር! ቤት ገብቼ የስልጠና ደብተሬን ብገልጥ፣ ትንሿ ዘንግ በአንዱና በሚቀጥለው ዘንግ መካከል ያለውን ልዩነት እንደምትለካ በገዛ እጅ ጽሑፌ ተጽፏል።

በማግስቱ «ትናንት የሠራሽውን እስቲ አሳዪኝ» አልኳት። ትንሿን ዘንግ በጣቷ አመለከተችና «የሷ ቦታ እዚያ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ዘንግ ባነሳች ቁጥር መጀመሪያ የምታየው ፊቴን ሆነ።

ማሪያ ሞንቴሶሪ ሐኪም ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ፣ ሳን ሎሬንዞ በሚባል የድሆች ሰፈር የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤት ከፈተች። በሷ አሠራር ስህተቱን የሚናገረው ዕቃው ራሱ ነው። ዘንግ ሲዛነፍ ደረጃው ይበላሻል፣ ልጁም ያየዋል። የኔ እጅ ምን ጥልቅ አደረገው?

የዛሬ ወጣት መምህራን ደግሞ ፎቶ ትወዳላችሁ። ሮዙ ግንብ፣ ማለትም ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚደራረቡት ሮዝ ኩቦች፣ ተሠርቶ ሳያልቅ ስልክ ይወጣል። ልጁም ኩቡን ትቶ ካሜራውን ያያል።

ዕቃው ውድ ነው ለምትሉኝ፣ ጣሳ፣ ሲኒና አንድ ባልዲ ውሃ ይበቃል። ስንዝርም አለ። እናቴ አቡጀዲ ስትገዛ ክንደ ረጅሙን አጎቴን አስከትላ ነበር የምትሄደው። ነጋዴው «በኔ ክንድ ነው የምለካው» ይላል፤ ክርክሩ አያልቅም። ልጆችም ጠረጴዛውን በስንዝር ይለኩና «ሰባት ነው»፣ «ስምንት ነው» ብለው ይጣሉ። ተዉአቸው ይጣሉ። ሜትር ለምን እንዳስፈለገ የሚገባቸው ያኔ ነው።

ዘንግ የምታሠሩ ከሆነ ግን ሜትር ይዛችሁ አናጢው አጠገብ ቁሙ። አንዱ በግምት ቆርጦልኝ ስድስተኛውና ሰባተኛው እኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። ትንሿ ዘንግ የትም አልገጥም አለች። እንዲህ ከሆነ ባይኖር ይሻላል።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ፣ ልጄ። ደቂቃ ቆጥሬ አላውቅም። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ መቆም ነው የለመድኩት። ለመድኩ እላለሁ እንጂ፣ ባለፈው እሁድ የልጅ ልጄ ከጆግ ውሃ ሲቀዳ ሊያፈሰው ነው ብዬ ቀማሁት። ብርጭቆው ገና ግማሽ አልደረሰም ነበር።