በምላስ ጀምሪ፣ በካሪና ጨርሺ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ። የአኔስቴዢያ (የማደንዘዣ ሕክምና) ተማሪ እንደሆንሽ፣ የተግባር ፈተናሽ እንደተቃረበ፣ የአየር መተላለፊያ አካላት ስሞችም አልያዝ ብለው እንዳስቸገሩሽ ጽፈሻል። እኔም እዚሁ ጅማ ተምሬ እዚሁ እየሠራሁ ስለሆነ፣ ለእኔ የሠራው መንገድ ለአንቺም እንደሚሠራ አምናለሁ።

1. ስሞቹን ማስታወሻው በደረደራቸው ተራ አታጥኚ። ላሪንጎስኮፕ (ጉሮሮን ከፍቶ የሚያሳየውን መሣሪያ) ይዘሽ ስትገቢ ዓይንሽ በሚያገኛቸው ቅደም ተከተል ያዢያቸው፦ ጥርስ፣ ምላስ፣ እንጥል፣ ከምላስ ሥር ያለችው ጎድጓዳ ቫሌኩላ፣ ቀጥሎ ኤፒግሎቲስ (የማንቁርት ክዳን)፣ ከዚያ የድምፅ አውታሮች፣ ከኋላቸውም አሪቴኖይዶች የሚባሉት ትንንሽ ለስላሳ አጥንቶች። ቆልመም ያለው የማኪንቶሽ ብሌድ (የላሪንጎስኮፑ ምላጭ) ጫፉን ቫሌኩላ ላይ አሳርፎ ኤፒግሎቲስን በተዘዋዋሪ ያነሣዋል፤ ቀጥ ያለው የሚለር ብሌድ ግን ከኤፒግሎቲስ ሥር ገብቶ በቀጥታ ያነሣዋል። ይህን የተረዳ ተማሪ ቫሌኩላን ሊረሳት አይችልም።

2. የመተንፈሻ ቱቦ ለማስገባት አትቸኩዪ። ራሱን የሳተ ሰው ጡንቻዎቹ ስለሚላሉ ምላሱ ወደ ኋላ ወድቆ ጉሮሮውን ይዘጋል። ምላስ ከታችኛው መንጋጋ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ መንጋጋው ወደ ፊት ሲመጣ ምላሱም አብሮት ይነሣል። ግንባሩን ወደ ኋላ አዘንብሎ አገጩን ማንሣት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። የአንገት ጉዳት ከተጠረጠረ ግን፣ ጭንቅላቱን ሳታዘነብዪ ከጆሮው በታች ያለውን የመንጋጋ ማዕዘን በሁለት እጅ ወደ ፊት ትገፊዋለሽ። ምላስን ከጉሮሮ የሚያርቀው የኦራል ኤርዌይ (በአፍ የሚገባ አጭር ቱቦ) ልክም ከአፍ ጥግ እስከዚሁ ማዕዘን ነው፤ ጉሮሮው ሲነካ የሚያቅለሸልሸው በሽተኛ አፍ ውስጥ ግን አይገባም።

3. በእጅሽ ንኪ። በእኛ ጊዜ ማኒኪኖቹን (የመለማመጃ የሰው አምሳያዎቹን) የሚጠብቀው ክፍል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አምጡ አለን፤ ደብዳቤውን ይዘን ስንመለስ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልን፤ በመጨረሻም አንዲት ሠራተኛ ዕቃው በተማሪ እጅ ይበላሻል ብላ በሩን ዘጋችብን። ለተማሪ የተገዛ መለማመጃ ፕላስቲክ ለብሶ እንዲቀመጥ ማድረግ በበሽተኛ ሕይወት ላይ መፍረድ ነው፤ ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

እኛም እዚሁ ጅማ ሄርማታ ሰፈር በኩል ካለ ሥጋ ቤት የበግ ጭንቅላትና ሳምባ ገዝተን፣ በግቢያችን የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ ላይ እየከፈትን አጠናን። ክሪኮይድ የሚባለው የማንቁርት ግርጌ ለስላሳ አጥንት ከኋላው ሰፋ ያለ፣ ማኅተም እንዳለው የጣት ቀለበት ዙሪያውን የተዘጋ መሆኑን የተረዳሁት በጣቴ ስዞረው ነው፤ ከእሱ በታች ያሉት የትራኪያ (የአየር ቧንቧ) ቀለበቶች ግን ከኋላ፣ ምግብ መውረጃው በሚያልፍበት በኩል ክፍት ናቸው። አሁን የራስሽን ማንቁርት ነክተሽ ጣትሽን ቀስ ብለሽ ወደ ታች አውርጂው፤ ከክሪኮይድ በፊት የምታገኚያት ለስላሳ ጎድጓዳ ክሪኮታይሮይድ ሜምብሬን ትባላለች። ቱቦ ማስገባትም በማስክ ኦክስጅን መስጠትም ካልተቻለ፣ ለነፍስ አድን የሚቀደደው እዚያ ላይ ነው። ይህችን ቦታ በተረኝነት ሌሊት ስፈልጋት ጣቴ ያለ ማመንታት አግኝቷታል፤ በዚህም እኮራለሁ።

ትራኪያውን እስከ ታች ስትከፍቺ ሁለት የሚሆንበትን ካሪናን ታገኛለሽ። በሰው የቀኙ ብሮንከስ (ወደ ሳምባ የሚገባው ቅርንጫፍ) ሰፊና ቀጥ ያለ ስለሆነ አልፎ የገባ ቱቦ ብዙውን ጊዜ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ደረትን በሁለቱም ወገን የምናዳምጠው ለዚህ ነው። በአዋቂዎች ዘንድ ቱቦው ጥርስ ላይ ለሴት 21፣ ለወንድ 23 ሴንቲሜትር ገደማ ሲሆን ይታሰራል። በበግ ላይ ከካሪና በፊት ወደ ቀኝ ሳምባ የምትወጣ ተጨማሪ ቅርንጫፍ አለች፤ ይህች የበግ ተፈጥሮ ስለሆነች የሰውን ስትሥዪ እንዳትጨምሪያት።

ጾም ቢሆንም የሙስሊም ሥጋ ቤቶች ክፍት ስለሆኑ ጅማ ላይ በግ አታጪም። ሲታረድ ቢላው ብዙ ጊዜ ከማንቁርቱ በታች ስለሚያልፍ ማንቁርቱ ከጭንቅላቱ ጋር ይቀራል፤ ስለዚህ ሳምባውን ብቻ ገዝተሽ እንዳትመለሺ፣ ጭንቅላቱንም ጠይቂ፤ ሥጋ ሻጩም ምላሱን ከሥሩ እንዳይቆርጠው አስቀድመሽ ንገሪው። ጓንት አድርጊ፤ ስትጨርሺም ቢላውንና ድንጋዩን በበረኪና እጠቢ።