የድመት ፀጉር ከሞኬት አልወጣ ሲል

አንዲት አንባቢ ከአዲስ አበባ እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦ «የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። አይጥ ስላስቸገረን ድመት አመጣን፤ አሁን ሁለት ሆነዋል። አይጡ ጠፋ፣ ፀጉራቸው ግን ሳሎኑን ሞላው። ሞኬቱ ጥቁር ግራጫ ነው፣ ድመቶቹ ነጭ። በመጥረጊያ ጠረግኩት፣ በቫኪዩም ሳብኩት፣ በኦሞና በብሩሽ አጠብኩት። ከታጠበ በኋላ ጭራሽ ባሰ። ልጄ ዳዴ ስለምትል ልብሷ ሁሉ ፀጉር ነው። መኝታ ቤት ደግሞ ከእናቴ የወረስኩት የደብረ ብርሃን የሱፍ ምንጣፍ አለ፤ እሱንም እንዳላበላሸው ፈራሁ። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ሞኬቱን ነቅለው እንዳይጥሉት። ፀጉሩ ይወጣል። ጉዳዩ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ፀጉር የሚወጣው በደረቁ ነው፤ ውሃ የመጨረሻው ሥራ ነው። እኛ ጋ ለእጥበት ከሚመጡት ምንጣፎች ብዙዎቹ የሚያስቸግሩን ፀጉር ስለበዛባቸው አይደለም። ፀጉሩ ሳይወጣ ቤት ውስጥ ስለታጠቡ ነው።

ለምን እምቢ እንዳለዎት ልንገርዎት። የድመት ፀጉር ለስላሳ ቢመስልም ላዩ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ነው። ሰው በረገጠው ቁጥር ወደ ሥር ይገባል እንጂ ተመልሶ አይወጣም። ከዚያ ስታቲክ ኤሌክትሪክ አለ። እዚህ የሚነጠፈው ሞኬት አብዛኛው ናይለን ወይም ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ የፕላስቲክ ዘር ማለት ነው። በእግር ሲታሽ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ሹራብ ስናወልቅ ጠሽ ጠሽ የሚለው ያው ነው። በበጋ አየሩ ሲደርቅ ይብሳል። ሦስተኛው ነገር ኦሞው ነው። ወለል ላይ ተለጥፎ የተነጠፈ ሞኬት በደንብ አይለቀለቅም። የቀረው ሳሙና ክሩ ላይ ሲደርቅ ፀጉርም አቧራም ይዞ ያስቀራል። ብሩሹ ደግሞ እርጥቡን ፀጉር ከክሩ ጋር አጠላልፎታል። ስለዚህ «ባሰ» ያሉት እውነትዎን ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ሞኬቱ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይጠብቁ። መስታወት የሚጠረግበት ባለ ጎማ መጥረጊያ ይግዙ፤ ውድ አይደለም። ካጡ ዕቃ የሚታጠብበት የጎማ ጓንት ይሠራል። ሶፋውን ይሳቡትና ከበሩ ራቅ ካለው ግድግዳ ይጀምሩ፣ ወደ በሩ እየመጡ።

ተንበርክከው የጎማውን ጠርዝ ሞኬቱ ላይ ይጫኑና ወደ ራስዎ ይጎትቱ። በአጭሩ ነው፣ ስንዝር ተኩል ያህል። ከዚያ ጎማውን ያንሱና እንደገና ከፊት ይጀምሩ። ወደፊትና ወደኋላ አይሹት፤ ያወጡትን መልሰው ነው የሚከቱት። ጥቂት ጊዜ እንደጎተቱ ጎማው ፊት ላይ ወፈር ያለ ግራጫ ጥቅል ይሰበሰባል። የነጭ ድመት ፀጉር ግራጫ ሆኖ የሚወጣው ከሥር የተቀበረውን አቧራ ይዞ ስለሚመጣ ነው። ጥቅሉን በእጅዎ ያንሱና ይቀጥሉ። ቫኪዩም አድርጌዋለሁ ያሉት ቦታ ላይ ይሞክሩት፤ የሚወጣው ይገርምዎታል።

ክሩ የተኛበትን አቅጣጫ ማወቅ ድካሙን በግማሽ ያቀልልዎታል። መዳፍዎን ሞኬቱ ላይ ያሳልፉ። በአንዱ በኩል ይለሰልሳል፣ በሌላው ይሻክራል። በሚሻክርበት በኩል ነው መጎተት ያለበት። አንድ ዙር እንደጨረሱ በአግድም ደግሞ ይድገሙት። ጎማው የማይገባበት የግድግዳ ጥግና የሶፋ እግር ሥር ጓንት አድርገው በጣትዎ ይጥረጉ፤ ፀጉር የሚከማቸው እዚያ ነው።

እየሠሩ ፀጉሩ እየበነነ ካስቸገረዎት ንጹሕ ውሃ በመርጫ ጠርሙስ እንደ ጉም ትንሽ ይርጩበት። የአፈር ወለል ላይ ውሃ ረጨት አድርጎ መጥረግ ከድሮም የምናውቀው ነው። ሐሳቡ ለሞኬትም ይሠራል፣ መጠኑ ግን ይለያል። እጅዎ ሲነካው ቀዝቀዝ ካለ በቂ ነው። ከረጠበ አበዙት።

ውሃው ውስጥ የልብስ ማለስለሻ ጨምሩበት የሚሉ ሰዎች አሉ። ስታቲኩን መቀነሱን አልክድም። ድመት ላለበት ቤት ግን በፍጹም አልመክርም። ማለስለሻ ውስጥ ያለው ኬሚካል ድመት ስትልሰው አፏንና ምላሷን ሊያቆስል ይችላል፤ ድመት ደግሞ መዳፏን ስትልስ ነው የምትውለው። በዚያ ላይ ዳዴ የምትል ልጅ አለችዎት። ባዶ ውሃ ይበቃል። ቤኪንግ ሶዳ መነስነስም እንዲሁ ይነገራል። እሱ ለሽታ ነው፣ ፀጉር አያወጣም። ደቃቅ ስለሆነ ደግሞ የቫኪዩሙን ማጣሪያ ይደፍናል።

ስለ ተረከዝ መፈግፈጊያ ድንጋይም ልበል፣ የሚጠይቀኝ ብዙ ነውና። ፀጉር ያወጣል፤ ለመኪና ወለል ምንጣፍ ይሆናል። ቤት ውስጥ ግን አስቀድመው ሞኬቱን ጎንበስ ብለው ይዩት። ክሩ ጫፉ ተቆርጦ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው ወይስ ታጥፎ ቀለበት የሠራ? ቀለበት ከሆነ ድንጋዩንም የብረት ማበጠሪያንም አያስጠጉት። አንዷን ቀለበት ከያዘ መስመሩን ሙሉ ይመዘዋል። የወጣ ክር ካዩም በመቀስ ይቁረጡት እንጂ አይሳቡት።

ቫኪዩም የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከሥሩ የሚሽከረከር ብሩሽ ያለው ከሆነ እሰየው። መሳብ ብቻ የሚችል ከሆነም ጎማው ፀጉሩን ስላላቀቀለት አሁን ይስበዋል። ቀስ ብለው ይግፉት። ብዙ ሰው ወለል እንደሚወለውል እየተጣደፈ ያሳልፈዋል፤ ማሽኑ ለመሳብ ጊዜ አያገኝም። ከመጀመርዎ በፊት ሶኬቱን ነቅለው ብሩሹን ይገልብጡት። ፀጉር ተጠምጥሞበት ከሆነ በመቀስ በርዝመቱ ቆርጠው ያውጡት። ከረጢቱንም ያራግፉ። «ቫኪዩሜ ደከመ» ከሚሉኝ ሰዎች የአብዛኞቹ ችግር ይሄው ነው።

የቀረውን ሳሙና ለማውጣት ሞኬቱን ውሃ አያጥለቅልቁት። ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ የተነከረና በደንብ የተጨመቀ ነጭ ጨርቅ ይዘው ትንሽ ትንሽ ቦታ እየከፈሉ ይጥረጉ። ጨርቁ ማዝለግለጉን እስኪተው እየለቀለቁ ይደጋግሙ። ከዚያ በደረቅ ፎጣ ተጭነው እርጥበቱን ያንሱና መስኮት ይክፈቱ። ውሃ ሞኬቱ ሥር ገብቶ ከቀረ ይሸታል፣ ማጣበቂያውም ይለቃል። ክረምት ላይ ከሆነ ፀሐይ ያለበት ቀን ይጠብቁ።

ድመቶቹ ሞኬቱ ላይ ሸንተውበት ከሆነ በረኪና እንዳያፈሱበት አደራ። በረኪና ከሽንት ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይፈጥራል፣ ቀለሙንም ይበላዋል። ቶሎ በፎጣ ተጭነው ይምጠጡት፤ ከዚያ ውሃ የተቀላቀለ አቼቶ ነክረው መልሰው ይምጠጡት።

ፀጉሩ ከምንጩ እንዲቀንስ ድመቶቹን በየሁለት ሦስት ቀኑ በረንዳ ላይ ያበጥሯቸው። በማበጠሪያው የቀረ ፀጉር ሞኬቱ ላይ አይደርስም። ሲያበጥሩ ፀጉሩ ክብ ክብ እየሆነ የተመለጠ ቦታ ካዩ ግን ጭርት ሊሆን ይችላልና የእንስሳት ሐኪም ጋ ይውሰዷቸው። ጭርት ወደ ልጅም ይጋባል።

የእናትዎ ምንጣፍ አያያዙ ሌላ ነው። በመጀመሪያ ሱፍ መሆኑን ያረጋግጡ። ከጠርዙ አንዲት ክር ቆርጠው በወረንጦ ይያዙና ውጭ ወጥተው በክብሪት ያቃጥሏት። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይደቅቃል። ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ከሠራ ሱፍ አይደለም። ሱፍ ከሆነ ምንጣፉን ወደ ውጭ አውጥተው ገልብጠው ይስቀሉትና ጀርባውን በዱላ ይምቱት። ፊቱን አስቀድመው ቢመቱት አቧራው ወደ ውስጥ ይሄዳል። ከዚያ ፊቱን በጎማ ጓንት ክሩ በተኛበት በኩል ብቻ፣ ሳይጫኑ ያብሱት። ሙቅ ውሃና ፍትግ ሱፍን ያኮማትራል፤ በረኪና ደግሞ ክሩን ራሱን ያሟሟዋል። መታጠብ ካስፈለገው ሱፍ ለሚያውቅ ባለሙያ ይስጡት፤ ከመስጠትዎ በፊትም በምን እንደሚያጥበው ይጠይቁት።

እስከዚያው አልጋው ሥር የገባውን ጫፍ በየወሩ እያነሱ ይዩት። ብል ሱፍም የድመት ፀጉርም ይበላል፣ የሚጀምረውም ጨለማ ከሆነውና ከማይረገጠው ቦታ ነው። የተበላ ክር ወይም ነጭ ትል ካገኙ ምንጣፉን በዚያው ቀን ፀሐይ ላይ ያውጡትና ጀርባውን ይምቱት፤ አልጋው ሥር ያለውንም ወለል በቫኪዩም ስበው ከረጢቱን ከቤት ውጭ ያራግፉት።