የተነጠቀ ዋንጫ ለማን ይሰጣል? የወሎ ስፖርት ወዳጆች ጥያቄና መልስ

ከደሴ፦ ጋሼ፣ ከጁቬንቱስ የተነጠቀው ዋንጫ ሦስተኛ ለወጣው ኢንተር ተሰጠ። ይህ ፍትሕ ነው?

ለእኔ አይደለም፤ ባዶ መተው ነበረበት። የ2005/06 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የጣሊያን ሴሪ ኤ ውድድር ሲያልቅ ጁቬንቱስ 91፣ ሚላን 88፣ ኢንተር 76 ነጥብ ነበራቸው። የክለብ ኃላፊዎች ከዳኛ መዳቢዎች ጋር ያወሩት ስልክ ሲጋለጥ ጁቬንቱስ ወደ ሴሪ ቢ ወረደ፣ ሚላን 30 ነጥብ ተቀነሰበት፣ ኢንተር ከላይ ቀረ። በ2011 ግን የፌዴሬሽኑ ዐቃቤ ሕግ ኢንተርም ደንብ ጥሶ እንደነበር የሚገልጽ ሪፖርት አወጣ፤ ይርጋ ስላገደው ክስ አልተመሠረተም። ጭቅጭቁ ዛሬም አልበረደም። ከጁቬንቱስ አብሮ የተነጠቀውን የ2004/05 ዋንጫ ግን ለማንም ስላልሰጡት የሚከራከርበት ጥቂት ነው። የዓለም የብስክሌት ማኅበርም በ2012 የላንስ አርምስትሮንግን 7 የቱር ደ ፍራንስ ድሎች ሰርዞ ቦታውን ባዶ ተወው።

ከኮምቦልቻ፦ ዋንጫውን ሳይነኩ በገንዘብ መቅጣትስ?

ሀብታም ክለብ ከፍሎ ይገላገላል። በአሜሪካ ቤዝቦል ሂዩስተን አስትሮስ በ2017 ተጋጣሚ ምን ዓይነት ኳስ ሊወረውር እንደሆነ የሚነጋገርበትን የእጅ ምልክት በካሜራ እየሰረቀ ሻምፒዮን ሆነ። በ2020 5 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፣ አሠልጣኙና ሥራ አስኪያጁ ለአንድ ዓመት ታገዱ። ተጫዋቾቹ እውነቱን እንዲናገሩ ከቅጣት ነጻ ተደረጉ፣ ዋንጫውም እዚያው ቀረ። ደጋፊው የተቆጣው በዚህ ነው፤ ያተረፈው ሰው ትርፉ አልተነካበትም።

ከወልድያ፦ ሳያውቁ ያጠፉትም እኩል ይቀጣሉ?

በካርድ ጉዳይ አዎ። በ2013 በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ዋልያዎቹ ቦትስዋናን ከሜዳቸው ውጭ 2 ለ 1 አሸነፉ። በሁለት ቢጫ የታገደ ተጫዋች ተሰልፎ ስለነበር ፊፋ ውጤቱን 3 ለ 0 ለቦትስዋና ለወጠው። ደግነቱ በ13 ነጥብ፣ ከደቡብ አፍሪካ በሁለት በልጠን ምድቡን መራን። ማታለል ታስቦ አልነበረም፤ ግን ፎርፌው ተገቢ ነው፣ አለዚያ ሁሉም «አላወቅሁም» ይላል።

ስለዚህ የክለባችሁ ቡድን መሪ አንድ ደብተር ይያዝ፦ የተጫዋቹ ስም፣ ቀን፣ ተጋጣሚ፣ የካርዱ ዓይነት፣ ቅጣቱን ያልተሰለፈበት ጨዋታ። ካርዱን ከዳኛው ሪፖርት ላይ ይቅዳ። ሜዳ ዳር ቆሞ ያየውን ብቻ ከጻፈ፣ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ወይም በግርግር መሃል የወጣ ካርድ ያመልጠዋል። የአሰላለፍ ዝርዝሩ ከመፈረሙ በፊት ደግሞ ደብተሩን ሌላ ሰው ያመሳክረው። ስህተቱ የሚመጣው አንድ ሰው ብቻውን በቃሉ ሲይዘው ነው።

ከሐይቅ፦ የታዳጊዎች ዕድሜስ? ወረቀቱ ትክክል ነው፣ ልጁ ግን ጢም አለው።

ጢም ማስረጃ አይሆንም። ፊፋ ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ ያስመረምራል። የአንጓው አጥንት የዕድገት መስመር ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ልጁ ከ17 ማለፉ አይቀርም ማለት ይቻላል። መስመሩ ገና ስላልተዘጋ ብቻ ግን ዕድሜው ትክክል ነው አይባልም። በየወረዳው ኤምአርአይ ስለሌለ የትምህርት ቤት መዝገብ፣ የክትባት ካርድና የልደት ምስክር ወረቀት ጎን ለጎን ይታዩ። ከልጁ በፊት ግን ወረቀቱን ያስቀየረው አዋቂ ይቀጣ፤ ልጁማ ያሉትን ነው ያደረገው።

ከመርሳ፦ ጨዋታ እንድለቅ ገንዘብ ቢያቀርቡልኝና እምቢ ብል ይበቃል?

አይበቃም ወንድሜ። በፊፋ ደንብ ጨዋታ ያስማማ ቢያንስ 5 ዓመት ከእግር ኳስ ይታገዳል፣ ቢያንስ 100 ሺህ የስዊዝ ፍራንክም ይከፍላል። እያወቀ ያልጠቆመም ይቀጣል። መልእክቱን አታጥፋ፣ ከሰውየው ጋር አትደራደር፣ ለክለቡ ብቻ ነግረህም አትተወው። ክለቡ ራሱ የነገሩ አካል ሊሆን ይችላልና ለፌዴሬሽኑ በጽሑፍ አሳውቅ፣ ቅጂውን አንተ ጋ አስቀር።