ወደ ጋዝ የተቀየረ አሮጌ መኪና እና ኢንሹራንሱ

ጥያቄ፦ ለዝግጅት ክፍሉ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ስሆን የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ደሴ ከሚኖር ዘመዴ እ.ኤ.አ. በ1991 የተሠራ ኮሮላ ገዝቻለሁ። መኪናው ከቤንዚን በተጨማሪ በጋዝ (እንደ ወጥ ቤቱ ዓይነት ፈሳሽ ጋዝ) እንዲሠራ ቀድሞ ተቀይሯል፤ የጋዙ ታንክ ከኋላ ወንበር ጀርባ ታስሯል፤ ሊብሬው ላይ ግን የነዳጁ ዓይነት «ቤንዚን» እንደተባለ ነው። ሙሉ ኢንሹራንስ ስገባ ቅጹን የሞላልኝ ወኪል ስለ ጋዙ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «እሳት ቢነሳ አንዲት ብር አያገኙም» ብሎ አስደነገጠኝ። እውነቱን ነውን? ብናገርስ አረቦን (የመድን ክፍያ) ከማስጨመር በቀር ምን ይጠቅመኛል? ከኮምቦልቻ።

መልስ፦ ወዳጅዎ የተናገሩት እውነት ያለበት ቢሆንም ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም። መኪናው በጋዝ መሥራቱ ብቻውን ካሳ አያስከለክልም፤ ሊያስከለክል የሚችለው ለመድን ሰጪው ሳይነገር መቅረቱ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ መድን የሚገባ ሰው ውሉን ሲዋዋል አደጋውን ለመመዘን የሚረዱትን የሚያውቃቸውን ሁኔታዎች ሁሉ እንዲገልጽ ያስገድደዋል፤ ሆን ተብሎ የተደበቀ ወይም በሐሰት የተገለጸ ነገር ምን ውጤት እንደሚያስከትልም በቁጥር 668 ይደነግጋል፤ ውሉ እስከ መፍረስ ሊደርስ ይችላል። ባለማወቅ የተዘለለ ነገር ግን ሆን ተብሎ እንደተደበቀ አይቆጠርም። ከዛሬ በኋላ ግን እርስዎ «አላወቅኩም» ሊሉ አይችሉም፤ ይህን ደብዳቤ የጻፉ ሰው ነዎትና።

ወኪሉ አለመጠየቁ ብዙም አይጠቅምዎትም። ቅጹን የሞላው እሱ ቢሆንም የፈረሙት እርስዎ ስለሆኑ ቅጂውን አውጥተው በጥንቃቄ ያንብቡት፤ «በተሽከርካሪው ላይ የተደረገ ለውጥ አለን?» የሚል ጥያቄ ቀርቦ «የለም» ተብሎ ተሞልቶ ከሆነ ጉዳዩ የከፋ ነው። ጥያቄው ጨርሶ ከሌለ ይሻላል፤ ነገር ግን የመግለጽ ግዴታዎን አያስቀርም።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ በደብዳቤ ማሳወቅ። መኪናው መቼ እንደተገዛ፣ የጋዝ መሣሪያው ሲገዙት ተገጥሞ የነበረ መሆኑን፣ ታንኩ ስንት ሊትር እንደሚይዝ ይጻፉ፤ ደብዳቤውን ለቅርንጫፉ ያስገቡ፤ ቅጂው ላይ ማኅተም አስመትተው ይያዙ። በቃል «ችግር የለውም» መባሉ አይበቃም፤ ጋዙን የሚጠቅስ የማሻሻያ ጽሑፍ ከፖሊሲው (ከመድን ውሉ ሰነድ) ጋር እንዲያያዝልዎ ይጠይቁ። አረቦኑ ሊጨምር ይችላል። ነገር ግን በየዓመቱ አረቦን እየከፈሉ በችግር ቀን ካሳ ሳያገኙ ከመቅረት፣ በእኔ ግምት ጭማሪው ይሻላል። በዚያው ጊዜ የመኪናው ፋይል ባለበት ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ቀርበው ለውጡ ሊብሬው ላይ እንዲመዘገብ ማመልከት ይገባዎታል፤ መድን ሰጪውም በመጀመሪያ የሚያየው ሊብሬውን ነው።

መድን ሰጪው ማስረጃ ሲጠይቅ አብዛኛው ጥያቄ ታንኩን የሚመለከት ይሆናል፤ ምክንያትም አለው። እ.ኤ.አ. በ1999 በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ አጠገብ ቬኒሲዩ በምትባል ቦታ በእሳት የተያያዘ የጋዝ መኪና ታንኩ ፈንድቶ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ክፉኛ አቁስሏል። ታንኩ ግፊት ሲበዛ ጋዙን ወደ ውጭ የሚያስተነፍስ ቫልቭ አልነበረውም፤ ከዚያ በኋላ ፈረንሳይ ይህን ቫልቭ አስገዳጅ አደረገች። ስለዚህ በእርስዎ ታንክ ላይ የሚፈለጉት ይህ ቫልቭ፣ ሙሌቱን 80 በመቶ ላይ የሚያቆመው መሣሪያ (ፈሳሹ ሲሞቅ የሚሰፋበት ቦታ ስለሚያስፈልገው) እና የተሠራበት ቀን የተቀረጸበት ሳህን ናቸው። በአውሮፓ ደንብ ቁጥር 67 መሠረት የተፈቀደ ታንክ ከሆነ ምልክቱ እዚያው ላይ ይገኛል። እንደ ፖላንድና ጣሊያን ባሉ አገሮች ታንክ አሥር ዓመት ሲሞላው በሥራ ላይ እንዲቀጥል አይፈቀድለትም፤ ይለወጣል ወይም እንደገና ይፈተሻል። የእርስዎ ታንክ ዕድሜው ካልታወቀ በሰነድ ሊያስረዱት አይችሉም፤ በእኔ አስተያየት መቀየር አለበት። የታሰረው የወጥ ቤት ሲሊንደር ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ያስፈቱት፤ የቤት ሲሊንደር የሚሰጠው ከላይ የሚገኘውን ትነት ሲሆን የመኪና ታንክ ፈሳሹን ከታች ይሰጣል፤ መኪና ውስጥ የሚፈለጉት መከላከያዎችም የሉትም።

አሮጌ መኪና የራሱ ችግር አለው። ካርቡሬተር ያለው ሞተር ላይ የሚገጠም ቀላል የጋዝ መሣሪያ ካንዴላው ሲደክም ወይም የጋዝና የአየር ድብልቁ ሲሳሳ እሳቱን ወደ አየር ማስገቢያው መልሶ ሊተፋ ይችላል፤ ይህም ከኮምቦልቻ ተነስቶ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ በሚወጣበት ጊዜ፣ ሞተሩ በከባድ ጭነት ሲሠራ፣ በግልጽ የሚታይ ጉድለት ነው። የሞተሩ ቫልቭ መቀመጫዎች ቀስ በቀስ መበላትም አለ። ሙሉ ኢንሹራንስ ለድንገተኛ አደጋ እንጂ ለእርጅናና ለመበላት አይከፍልም፤ ስለዚህ ይህ ወጪ የእርስዎ ነው።

ስለ ዋጋውም አንድ ነገር ላስታውስዎ። በእኛ አገር አሮጌ መኪና ከዓመት ዓመት ዋጋው ሊጨምር ስለሚችል፣ ፖሊሲዎ ላይ የተጻፈው ዋጋ ከገበያው በታች ሆኖ ከተገኘ ካሳው በዚያው ልክ ሊያንስ ይችላል፤ ማሻሻያውን ሲጠይቁ ዋጋውንም አብረው ያስተካክሉ፤ የጋዝ መሣሪያውን ዋጋ ለይተው ያስጽፉ።

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሚገባው የሦስተኛ ወገን መድን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት እንጂ በራስዎ መኪና ላይ ለሚነሳ እሳት አያገለግልም።

የማሻሻያው ጽሑፍ እስኪደርስዎ ድረስ መኪናውን በቤንዚን ብቻ ይንዱ፤ የታንኩን መዝጊያ ይዝጉ፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ባለና በተዘጋ ቦታ አያቁሙት። ይህን ማድረግዎ ግን ማሳወቁን አይተካም፤ ታንኩ መኪናው ላይ እስከታሰረ ድረስ ለውጡ እንዳለ ይቆጠራልና።